ከፍታና ልጓም

በሰሜን ቨርጂኒያ፣ ስፕሪንግፊልድ አካባቢ ካሉት የኢትዮጵያውያን ጋራዦች በአንዱ የቅዳሜ ሥራ የተጀመረው በመፍቻ ሳይሆን በሜትር ነው። ነጭ ፎርድ ኤፍ-150 ፒክአፕ ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ቆሟል። ባለጋራዡ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ የሜትሩን ጫፍ የቸርኬው እምብርት ላይ ያሳርፍና ሽቅብ እስከ ፓራፋንጎው ከንፈር ይስበዋል። ከፊት 21 ኢንች። ዞሮ የኋላውን ይለካል፤ 23 ኢንች። አራቱንም ማዕዘን ለክቶ ቁጥሮቹን ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ ጻፋቸው።

“ጋሼ፣ ለምን ከመሬት አይለኩትም?” አለ የመኪናው ባለቤት። በቤት እድሳት ሥራ የሚተዳደር ወጣት ነው።

“ጎማ ያታልልሃል። ነፋሱ ሲጎድል ያጥራል፤ ጥርሱ ሲበላም ያጥራል። እኔ ማወቅ የምፈልገው ሞላህ የቱ ጋ እንደቆመ ነው።”

በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ኢንች፣ ማለትም አምስት ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ወጣቱ የመጣው ይህን ልዩነት ለማጥፋት ነው። ፒክአፑ ኋላውን ቀና፣ ፊቱን ደፋ አድርጎ መቆሙ ከገዛው ጊዜ ጀምሮ ዓይኑን ሲቆረቁረው ኖሯል። በያዘው ትንሽ ካርቶን ውስጥ ሁለት ክብ ብረቶች አሉ። ስፔሰር ይባላሉ፤ በአሜሪካ “ሌቭሊንግ ኪት” እየተባለ ከሚሸጠው ዕቃ ቀላሉ ዓይነት ነው። ከፊት ሞላዎች አናት ላይ ሲገቡ የመኪናው ፊት ይነሳል፣ ከኋላው ጋር ይስተካከላል፣ ተለቅ ላለ ጎማም ቦታ ይገኛል። ዋጋቸው ከመቶ ዶላር ብዙም አይርቅም።

ባለጋራዡ ካርቶኑን ከፍቶ አየና መልሶ ዘጋው። “ምን ትጭናለህ?” ሲል ጠየቀው።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው በዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው። ፒክአፕ ከሁሉ አስቀድሞ የጭነት መኪና ነው። ቁመቱን የሚነካ ሰው መሪውን፣ ፍሬኑን፣ የፊት መብራቱንና የመሸከም አቅሙን አብሮ ይነካል። ከፍ ማድረጉ በራሱ ጥፋት የለበትም። ጥፋት የሚመጣው ከፍታው ከየት እንደተወሰደ ሳይታወቅ ሲቀር፣ ከዚያም ይልቅ ገንዘቡ ሁሉ ለሚታየው ቁመት ወጥቶ ለማይታየው አሞርዛተር ምንም ሳይተርፍ ሲቀር ነው።

ኋላው ከፍ ያለበት ምክንያት

ባዶ ፒክአፕ ኋላው ከፍ ብሎ ከፋብሪካ የሚወጣው ሲጫን እንዲስተካከል ነው። የዚህ ኤፍ-150 የኋላ አክስል የተንጠለጠለው በባሌስትራ ነው። ዕቃ ሲጫን ባሌስትራው ይተኛል፣ ኋላው ዝቅ ይላል፤ መሐንዲሶቹ የተዉት ሁለት ኢንች ያኔ ሥራው ላይ ይውላል። መኪናው ሙሉ ጭነት ተሸክሞ ሲሄድ ደልደል ብሎ እንዲቆም የታሰበ ነውና ባዶውን ሲቆም ማጎንበሱ አይቀርም።

ተሳቢ የሚጎትት ሰው ይህን ከማንም በላይ ሊያውቀው ይገባል። በአሜሪካ ለተለመደው ባለመንጠቆ ተሳቢ የሚሠራበት ደንብ ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው በመኪናው መንጠቆ ላይ ይረፍ ይላል። ከዚያ ሲያንስ ተሳቢው በፈጣን መንገድ ላይ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ስለዚህ 5,000 ፓውንድ የሚመዝን ተሳቢ ከ500 እስከ 750 ፓውንድ ያህል፣ ማለትም ከ225 እስከ 340 ኪሎ ግራም፣ በመኪናው ጭራ ላይ ያሳርፋል። ይህ ክብደት የሚያርፈው ከኋላ አክስሉ ወዲያ ስለሆነ ጭራውን ወደ ታች ሲጫን ፊቱን ወደ ላይ ያነሳል። የፊት ጎማዎች ይቀላሉ። መሪውን የሚታዘዙትም፣ አብዛኛውን የፍሬን ሥራ የሚሠሩትም እነዚሁ የፊት ጎማዎች ናቸው።

ወጣቱ ሳምንቱን ሙሉ የመሣሪያ ሳጥን፣ ሰድርና ጂፕሰም ይጭናል፤ በሳምንት አንድ ሁለቴም የፍርስራሽ ተሳቢ ይጎትታል። ፊቱ ባዶውን ሳለ ከኋላው ጋር እኩል ከተደረገ፣ ተሳቢው በታሰረ ቀን ጭራው ከፊቱ ዝቅ ይላል። መኪናው በሥራ ቀን ፊቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ ይሄዳል ማለት ነው።

ባለጋራዡ ሙያውን የጀመረው አዲስ አበባ ውስጥ ሶማሌ ተራ አካባቢ ነው፤ ሂሉክስና ላንድክሩዘር ፒክአፕ ፈትቶ የገጠመ እጅ አለው። “እዚያ ወደ ክፍለ ሀገር የሚወጣ ፒክአፕ ሲመጣልን ባሌስትራ እንጨምርለት ነበር። ጭነቱ ስለሚከብድ ነው፤ የኋላውን ማን ያየዋል? እዚህ ደግሞ ፊቱን ለመልክ ያነሱታል፤ ጭነቱን የሚጠይቅ የለም።” የአዲስ አበባው ልማድም የራሱ ዋጋ አለው። ባሌስትራ የተጨመረበት መኪና ባዶውን ሲሄድ ይደርቃል፣ ሰው ያንገጫግጫል። ያም ሆኖ ሥራው የሚነሳው ከትክክለኛው ጥያቄ ነው፤ መኪናው የሚሸከመው ምንድን ነው?

ሞላው ፈረስ፣ አሞርዛተሩ ልጓም

ብዙ ባለመኪና አሞርዛተር ክብደት የሚሸከም ይመስለዋል። አይሸከምም። የመኪናውን ክብደት የሚሸከሙት ከፊት ሞላዎቹ፣ ከኋላ ባሌስትራዎቹ ናቸው። ሞላ ግን የሰጡትን ኃይል ሁሉ መልሶ የሚሰጥ ነገር ነው። ጉድጓድ ሲመታ ይጨመቃል፤ ተመልሶ ሲዘረጋ ከቆመበት አልፎ ይሄዳል፤ እንደገና ይመለሳል። ብቻውን ቢተው መኪናው ከአንድ ጉድጓድ በኋላ ደጋግሞ ይዘላል። ሞላው ፈረስ ቢሆን አሞርዛተሩ ልጓሙ ነው፤ ጉልበቱ የፈረሱ ነው፣ የት እንደሚያበቃ የሚወስነው ልጓሙ።

ልጓሙ የሚሠራው በዘይት ነው። በአሞርዛተሩ ቱቦ ውስጥ ዘይት የሞላበት ክፍል አለ፤ በዘንግ ጫፍ የታሰረ ፒስተን በዚያ ውስጥ ይመላለሳል። ፒስተኑ ላይ ጠባብ ቀዳዳዎችና በስስ የብረት ቅጠሎች የተከደኑ ቫልቮች አሉ። ጎማው ሲነሳና ሲወርድ ፒስተኑ ዘይቱን በእነዚህ ጠባብ መንገዶች አስጨንቆ ያሳልፈዋል። ያ ጭንቀት የእንቅስቃሴውን ኃይል ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ሙቀቱ በቱቦው ግድግዳ በኩል ወደ አየር ይወጣል። ከረጅም የኮረኮንች ጉዞ በኋላ አሞርዛተሩን የነካ ሰው እጁን የሚያቃጥለው ለዚህ ነው።

ከፋብሪካ ከሚመጡት አሞርዛተሮች ብዙዎቹ ባለ ሁለት ቱቦ ናቸው፤ አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ ተቀምጦ ዘይቱ በሁለቱ መካከል ይመላለሳል። ርካሽና ለስላሳ አሠራር ነው። ነገር ግን መንገዱ ከብዶ ፒስተኑ በፍጥነት ሲመላለስ ዘይቱና ጋዙ ይቀላቀሉና አረፋ ይሆናሉ። አረፋ በቫልቩ ውስጥ ያለ ብዙ ተቃውሞ ያልፋል፤ ልጓሙ ሾፌሩ በጣም በሚፈልገው ሰዓት ይላላል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ የሆነው ባለ አንድ ቱቦው አሞርዛተር ነው። በውስጡ ተንሳፋፊ ፒስተን ዘይቱን ከናይትሮጅን ጋዝ ለይቶ ይይዛል፤ ጋዙ በከፍተኛ ግፊት ዘይቱን ስለሚጫነው አረፋ ለመሆን ዕድል አያገኝም። ሐሳቡን ያፈለቀው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ክርስቲያን ቡርሲዬ ደ ካርቦን ነው። የጀርመኑ ቢልሽታይን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1957 ይህን ዓይነት አሞርዛተር ለመርሴዲስ ቤንዝ መኪናዎች ማቅረብ ጀመረ። ዛሬ ባለፒክአፖች ከገበያ ገዝተው ከሚያስገቧቸው አሞርዛተሮች ብዙዎቹ የዚህ ዘር ናቸው። ጉድለትም አላቸው። ፒስተኑ የሚሄደው በራሱ በውጭው ግድግዳ ላይ ስለሆነ ድንጋይ መትቶ ቢያጎደጉደው አሞርዛተሩ ሥራው ያበቃል። ዋጋቸውም ይከብዳል፤ አራት ጥሩ አሞርዛተር በብዙ መቶ ዶላር ይቆጠራል።

የወጣቱ ፒክአፕ ከ80 ሺህ ማይል በላይ የሄደው ከፋብሪካ በወጣበት አሞርዛተር ነው። ባለጋራዡ ወጣቱን ወደ ኋላ ጎማ ጠርቶ መዳፉን በጎማው ጥርስ ላይ እንዲያስኬደው አደረገ። አንዱ ጥርስ ከፍ፣ ቀጣዩ ጎድጎድ፣ እንደገና ከፍ ይላል። አሞርዛተሩ የላላበት ጎማ መሬቱን ይዞ አይሄድም፤ እየነጠረ ይሄዳልና የሚበላው በየቦታው ነው። ከፊት በግራ በኩል ደግሞ ቱቦው በዘይት ርሶ አቧራ ጠጥቷል። “አሁን እነዚህን ሁለት ብረቶች ባስገባልህ የሞተውን አሞርዛተር ከፍ ባለ ቦታ ላይ ሰቀልኩልህ ማለት ነው” አለው።

አንድ ኢንች ሁለት የሚሆንበት

ወጣቱን ያስገረመው የስፔሰሩ ውፍረት ነው። ካርቶኑ ላይ ሁለት ኢንች ያነሳል ተብሎ ተጽፏል፤ ብረቱ ሲለካ ግን ከአንድ ኢንች ብዙም አይበልጥም።

ስህተት የለበትም። በዚህ ፒክአፕ ፊት ሞላውና አሞርዛተሩ አንድ ላይ ታስረው ታችኛው ብራቾ ላይ ያርፋሉ። ብራቾው በአንድ ጫፉ ሻንሲው ላይ ታጥፎ ይንቀሳቀሳል፤ በሌላው ጫፉ ጎማውን ይይዛል። ሞላው የሚያርፈው በሁለቱ መካከል ነው፤ ስለዚህ ሞላው ያለበት ቦታ አንድ ኢንች ሲወርድ የብራቾው ጫፍ ሁለት ኢንች ገደማ ይወርዳል። ይህን የማያውቅ ሰው ሁለት ኢንች ውፍረት ያለው ስፔሰር አስገብቶ አራት ኢንች የተነሳ መኪና ይዞ ይወጣል። በአደጋ ላይ ሊጥል የሚችል ስህተት ነው።

ከፊት ከፍ የማድረጊያው ዋና መንገድ ሁለት ነው፤ ልዩነታቸውን ማወቅ ገንዘብ ያድናል።

የመጀመሪያው ወጣቱ የያዘው ነው። ስፔሰሩ ከሞላውና ከአሞርዛተሩ አናት ላይ ሲገባ ሁለቱም እንደታሰሩ ወደ ታች ይወርዳሉ። ሞላው አይነካም፤ አነዳዱም እንደነበረ ይቆያል። ጉዳቱ የሚታየው ጎማው አየር ላይ ሲንጠለጠል ነው። አሞርዛተሩ እስከ መጨረሻው ሲዘረጋ ጎማው ፋብሪካው ካሰበለት ቦታ አልፎ ይወርዳል። ቴስቲና የሚባለው የላይኛው ብራቾ መጋጠሚያ እስከ ወሰኑ ይታጠፋል፤ ብራቾው ራሱ ከሞላው ጋር ሊነካካ ይችላል፤ በፎር ዊሉም ጎማውን የሚያሽከረክረው ሲቪ ጆይንት ባልተሠራለት ማዕዘን መሽከርከር ይጀምራል። ላስቲኩ ይቀደዳል፣ ቅባቱ ይወጣል፣ ከዚያ ጆይንቱ መንቋቋት ይጀምራል።

ሁለተኛው መንገድ የሞላውን መቀመጫ ማንሳት ነው። ለዚህ የተሠሩ አሞርዛተሮች፣ ለምሳሌ ቢልሽታይን 5100፣ ቱቦአቸው ላይ ደረጃ በደረጃ የተቆረጡ ቀለበት መያዣ ቦዮች አሏቸው። ቀለበቱ በተፈለገው ቦይ ላይ ይገባል፤ የሞላው መቀመጫ በዚያ ላይ ያርፋል፤ ሞላው ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ መኪናው ይነሳል። አሞርዛተሩ ሲዘረጋ የሚደርስበት ወሰን ቋሚ ስለሆነ ጎማው ሲንጠለጠል ያለልክ አይወርድም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሞላው ደረቀ ይላል። ሞላውም ያው ነው፣ የሚሸከመው ክብደትም ያው ነው፤ መኪናው ቆሞ ሳለ የሚጨመቅበት ልክ አይለወጥም። የሚለወጠው የቀረው መንገድ ነው። መኪናው ከፍ ብሎ ስለቆመ ጎማው ወደ ላይ የሚሄድበት ቦታ ሰፍቷል፣ ወደ ታች የሚሄድበት ግን ጠቧል። ከፍታው ከበዛ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ አሞርዛተሩ ቶሎ ጫፉ ይደርስና ቋ ይላል። ስለዚህ የመጨረሻው ቦይ መኖሩ እዚያ ድረስ መሄድ ይገባል ማለት አይደለም።

ፎርድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2010 ሞዴል ራፕተርን ሲያወጣ ከፍታን በስፔሰር አልሠራውም። ሰፋ ያለ የፊት ብራቾ፣ ረጅም መንገድ የሚሄድ የፎክስ አሞርዛተር፣ ለዚያ የተመጠነ ሞላ አንድ ላይ ነድፎ ነው ያወጣው። ከፍታው የዚያ ሁሉ ውጤት ሆኖ መጣ። ለዕለት ሥራ ፒክአፕ ያን ያህል ወጪ አያስፈልግም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ለሁሉም ይሠራል።

መፍቻው ሲነሳ

ባለጋራዡና ወጣቱ ተስማሙ። ስፔሰሮቹ በካርቶናቸው ይመለሳሉ። ከፊት መቀመጫው የሚስተካከል ባለ አንድ ቱቦ አሞርዛተር ይገባል፤ ከኋላም ሁለቱ ይለወጣሉ። የፊቱ ከፍታ ሁለት ሳይሆን አንድ ተኩል ኢንች ይሆናል፤ ግማሽ ኢንቿ ለጭነት ትተዋለች።

ፒክአፑ ሊፍት ላይ ወጣ፤ የፊት ጎማዎች ወለቁ። መጀመሪያ የተፈቱት ትናንሽ ነገሮች ናቸው፤ የኤቢኤስ ሽቦ ከመያዣው፣ የፍሬን ቱቦ ከብራቾው። እነዚህ ሳይፈቱ ብራቾው ከወረደ ይወጠራሉ፤ የተወጠረ የፍሬን ቱቦ ደግሞ ዛሬ ባይፈስ ነገ ይፈስሳል። ከዚያ የስታብላይዘሩ ማያያዣ፣ የመሪው ቴስቲና፣ የላይኛው ብራቾ ቴስቲና ተራ በተራ ተለቀቁ። ቴስቲናውን ለማስለቀቅ ባለጋራዡ ጫፉን አልመታም፤ የያዘውን ብረት ጎኑን ብቻ በመዶሻ ሁለቴ መታው፤ ቴስቲናው ዘሎ ተላቀቀ። ጥርሱ የተመታ ብሎን ዳዶ አይቀበልም።

አናት ላይ ሦስት ዳዶ፣ ታች ሁለት ዳዶ ተፈቱ፤ ሞላውና አሞርዛተሩ እንደታሰሩ ወጡ። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ቀልድ የለውም። ሞላው በውስጡ የታመቀ ኃይል ይዟል፤ መሀል አናቱ ላይ ያለው ዳዶ ሞላው ሳይጨመቅ ከተፈታ ብረቱ እንደ ጥይት ይወነጨፋል። ሰው የገደለ ስህተት ነው። ባለጋራዡ ከግድግዳ ጋር የታሰረውን የሞላ መጭመቂያ ተጠቅሞ፣ ፊቱን ከዘንጉ አቅጣጫ አርቆ፣ ሞላው ከመቀመጫው መላቀቁን በእጁ አረጋግጦ ነው ዳዶውን የነካው። በቤቱ ደጅ በኪራይ መጭመቂያ ልሞክረው የሚል ሰው ይህን አንድ ክፍል እንኳ ለጋራዥ ቢተወው ይሻለዋል። ብዙ ጋራዦች ከነሞላው የወጣውን አሞርዛተር ብቻ ተቀብለው ሞላውን ወደ አዲሱ አዛውረው ይመልሳሉ።

የላይኛው መቀመጫ አቅጣጫ አስቀድሞ በቀለም ምልክት ተደርጎበት ነበር። በአዲሱ አሞርዛተር ላይ ቀለበቱ በተመረጠው ቦይ ውስጥ ሙሉ በሙሉ መቀመጡን ባለጋራዡ በጣቱ ዙሪያውን ዳሰሰ። መቀመጫው ገባ፣ የአቧራ መከላከያው ገባ፣ ሞላው ጫፉ ከመቀመጫው እርከን ጋር ገጥሞ ተቀመጠ፤ አናቱ ታሰረ። ወደ መኪናው ሲመለስ ሁሉም ዳዶ መጀመሪያ በእጅ ተጀመረ፤ የመጨረሻው መጥበቂያ በቶርክ ሬንች፣ አምራቹ ባወጣው ልክ ሆነ።

የኋላው ሥራ አጭር ነው። አክስሉ በክሪክ ተደገፈ፤ በየጎኑ ከላይ አንድ ከታች አንድ ብሎን ተፈታ፤ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ገባ። እዚህም ግን አንድ ነገር አለ። በአሞርዛተሩ ጆሮ ውስጥ የጎማ ቦኮላ አለ። መኪናው በሊፍት ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኑ ከጠበቀ ቦኮላው በተሳሳተ ማዕዘን ይታሰርና መኪናው መሬት ሲወርድ ዕድሜውን ሙሉ ተጠምዝዞ ይኖራል፤ ቶሎም ይቀደዳል። ስለዚህ የእነዚህ ብሎኖች የመጨረሻ መጥበቂያ የሚሆነው ጎማው የመኪናውን ክብደት ከተሸከመ በኋላ ነው።

መኪናው ወረደ። ሞላዎቹ እንዲረጉ ትንሽ ወደፊትና ወደኋላ ተነድቶ ተመልሶ ተለካ። ከፊት 22 ኢንች ተኩል፣ ከኋላ 23።

ብርሃኑ የት ይደርሳል?

ብዙ ሰው ሥራው እዚህ ላይ ያለቀ ይመስለዋል፤ ከባዱ የቸልተኝነት ጉዳት የሚመጣውም ከዚህ በኋላ ነው።

የፊቱ ከፍታ ሲለወጥ ብራቾዎቹና የመሪው ዘንጎች ማዕዘናቸው ይለወጣል፤ ጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ያያል። ሳይስተካከል የሚነዳ መኪና አዲስ ጎማ በጥቂት ሺህ ማይል ውስጥ በአንድ ጎኑ ይጨርሳል፤ በፈጣን መንገድ ላይም መሪው ይቅበዘበዛል። ዊል አላይመንት የዚህ ሥራ አካል ነው፤ ዋጋው ከመጀመሪያው በሒሳቡ ውስጥ መግባት አለበት።

ቀጥሎ መብራቱ ይመጣል። የዚህ ፒክአፕ የፊትና የኋላ ጎማ መሀል ለመሀል የሚራራቁት 145 ኢንች፣ 3.7 ሜትር ገደማ ነው። ከፊት ብቻ ሁለት ኢንች ሲነሳ የመኪናው አካል በጥቂቱ ይቀናል። ቁጥሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ የመብራቱ ጨረር መቶ ሜትር ርቆ ሲደርስ በዚያ ምክንያት ብቻ 1.4 ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥቷል። ይህ ከፊት ለፊት የሚመጣን አውቶሞቢል ሾፌር ዓይን ለማሳወር ይበቃል። ጨለማ ውስጥ ሌላውን ሰው ለማሳወር ማንም መብት የለውም። መፍትሔው ደግሞ ከመብራቱ ጀርባ ያለውን የማስተካከያ ብሎን በመፍቻ ማዞር ነው፤ ደቂቃዎች ይፈጃል። በቨርጂኒያ በየዓመቱ በሚደረገው የደህንነት ምርመራም የፊት መብራት አቅጣጫ ይታያል።

በአዳዲሶቹ ፒክአፖች ላይ ደግሞ ከመስተዋቱ ጀርባ ካሜራ፣ ከፊት ራዳር አለ፤ ራሱን በራሱ ፍሬን የሚይዘው አሠራር የሚያየው በእነሱ ነው። የተሠሩት መኪናው በአንድ የተወሰነ ቁመትና ማዕዘን ይቆማል ተብሎ ነው። ቁመቱ ሲለወጥ እንደገና መለካትና ማስተካከል ሊያስፈልጋቸው ስለሚችል አምራቹ ያወጣውን መመሪያ ማየት ግዴታ ነው።

የዋስትና ነገርም ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የማግኑሰን ሞስ የዋስትና ሕግ አምራች ከገበያ የተገዛ ዕቃ ስለገባ ብቻ የመኪናውን ዋስትና በሙሉ እንዳያፈርስ ይከለክለዋል። የተበላሸው ነገር የተበላሸው በገባው ዕቃ ምክንያት ከሆነ ግን አምራቹ ያን ጥገና የመከልከል መንገድ አለው። ከፍ በተደረገ መኪና ላይ የተቀደደ የሲቪ ጆይንት ላስቲክ ለእንዲህ ያለ ክርክር በር ይከፍታል።

ሕጉና ጎረቤቱ

በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ግዛቶች ፊቱን ወደ ላይ አንስቶ ጭራውን መሬት ድረስ ያወረደ ፒክአፕ መንዳት ፋሽን ሆኖ ነበር፤ “ካሮላይና ስኳት” ይሉታል። ሾፌሩ ከኮፈኑ ወዲያ ያለውን መንገድ ማየት ይቸገራል፤ መብራቱ ሰማይ ያበራል፤ የፊት ጎማው መሬቱን በደንብ አይይዝም። ሰሜን ካሮላይና ከኋላው አራት ኢንች ወይም ከዚያ በላይ ፊቱን ያነሳ መኪና እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2021 ጀምሮ ከለከለች። ቨርጂኒያ በ2022፣ ደቡብ ካሮላይና በ2023 ተከተሉ።

ሌቭል ማድረግ፣ ማለትም ፊቱን ከኋላው ጋር ማስተካከል፣ ይህ አይደለም። ቢሆንም ባዶውን እኩል የተደረገ ፒክአፕ ከባድ ተሳቢ በታሰረበት ቀን ወደዚያው ቅርጽ ይጠጋል፤ ባለቤቱ ከሥራ ወደ ሥራ ሲሮጥ ልብ ላይለው ይችላል። ባለጋራዡ ለወጣቱ የሰጠው የመጨረሻ ቀጠሮ በዚህ ምክንያት ነበር፤ “ተሳቢህን ከነሙሉ ዕቃው አስረህ ና፤ ያኔ ነው የምለካው።” ጭራው ብዙ የወረደ እንደሆነ መፍትሔ አለው። በተሳቢው ላይ ዕቃውን ከ10 እስከ 15 በመቶ ባለው ደንብ ውስጥ አሸጋሽጎ መጫን፣ ክብደቱን ወደ ፊት ጎማዎች የሚያከፋፍል መንጠቆ ማሰር፣ ወይም ከባሌስትራው ጎን በነፋስ የሚሞላ ረዳት ከረጢት ማስገባት ይቻላል። ረዳቱ ግን ኋላውን ያነሳል እንጂ የመኪናውን የመጫን ፈቃድ አያሳድግም፤ በሾፌሩ በር ፍሬም ላይ የተለጠፈው የክብደት ወሰን እንዳለ ነው።

ከመኪናው ውጭ ያለው ሰውስ? የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት ኢንሹራንስ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት ኮፈናቸው ከ40 ኢንች፣ ማለትም ከአንድ ሜትር በላይ የሆኑ መኪናዎች፣ ኮፈናቸው 30 ኢንች ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ወደ ፊት ካዘነበለ መኪናዎች ይልቅ እግረኛን ሲገጩ የመግደል ዕድላቸው 45 በመቶ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ሙሉ መጠን ያለው ፒክአፕ ገና ከፋብሪካው ሲወጣ ረጅም ነው። ፊቱ በተነሳ ቁጥር ሾፌሩ ከኮፈኑ ፊት የማያየው ቦታ ይሰፋል፤ በዚያ ቦታ ደግሞ የጎረቤት ልጅ ኳስ ሊያባርር ይችላል። እያንዳንዱ ግማሽ ኢንች የሚታሰበው በመኪናው ዓይን ብቻ ሳይሆን በዚህ ልጅ ዓይንም ሊሆን ይገባል።

ገንዘቡ በምን ቅደም ተከተል ይውጣ

አንባቢው ፒክአፕ ካለው፣ ፊቱንም ማንሳት ከፈለገ፣ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። መጀመሪያ መኪናው በሥራ ቀን የሚሸከመውን ይቁጠር። ሁለተኛ የነበሩት አሞርዛተሮች በሕይወት መኖራቸውን ያስመርምር፤ ጎማው ጎድጉዶ የተበላ፣ ቱቦው በዘይት የራሰ፣ ፍሬን ሲያዝ ፊቱ የሚደፋ ከሆነ መጀመሪያ የሚለወጡት እነሱ ናቸው። ሦስተኛ ከፍታውን ከተቻለ በአሞርዛተሩ መቀመጫ ያግኝ፤ ልኩንም ለጭነት የሚሆን ቦታ ትቶ ይወስን። አራተኛ የዊል አላይመንቱንና የመብራቱን ማስተካከያ ዋጋ ከመጀመሪያው በጀቱ ውስጥ ያስገባ። በዚህ ሁሉ ላይ ገንዘብ ካነሰ ሊቀር የሚገባው ከፍታው ነው።

ስፔሰር የሚሸጡት ነጋዴዎች አንድ ነገር በደንብ ያውቃሉ፤ ከፍታ በፎቶ ይታያል፣ የአሞርዛተር ሥራ ግን አይታይም። የሚታወቀው ዝናብ በመታው ፈጣን መንገድ ላይ ከፊት ያለው መኪና ድንገት ሲቆምና ሾፌሩ መሪውን በአንድ ጊዜ ሲያዞር ነው። ያን ጊዜ መኪናው እንዲታዘዝ የሚያደርገው ጎማውን መሬት ላይ የያዘው ዘይትና ቫልቭ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን በዚያ መንገድ ላይ የሚውል፣ ቤተሰቡንም በዚያው መኪና የሚያሳፍር ሰው ገንዘቡን መጀመሪያ እዚያ ላይ ማዋል ይገባዋል።